ነፍሰ ጡሯን የጣላት ምን ነበር?

ጋይንት የደብተራ አገር ነው። የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተልሔም ያለችው በዚያ ነው፤ የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አምባም እንዲሁ። ብራና የሚፍቅ፣ ቀለም የሚበጠብጥ፣ መቃ የሚቀርጽ ሰው በየደብሩ በሚገኝበት አገር ደግሞ ክታብ አይታጣም። ከጉና ተራራ ግርጌ ተነሥተው እስከ በሽሎና እስከ ዓባይ በረሃ በሚወርዱት በጋይንት፣ በእስቴና በስማዳ፣ ነፍሰ ጡር ሴት ለብዙ ዘመን መከታ አድርጋ የያዘችው ይህንኑ ክታብ ነው።

ክታቡ ጠባብና ረጅም ነው። ከበግ ወይም ከፍየል ቆዳ የተፋቁ ቁራጮች ጫፍ ለጫፍ ተሰፍተው፣ ብዙ ጊዜ በባለቤቲቱ ቁመት ልክ ይዘጋጃሉ። ጽሑፉ በጥቁር ቀለም ነው፤ የጸሎቱ መነሻና የሴትየዋ የክርስትና ስም ግን በቀይ ይገባል። በመካከል በመካከሉ ሰይፍ የመዘዙ መላእክትና አፍጥጠው የሚያዩ ዓይኖች ይሣላሉ። ሲያልቅ ተጠቅልሎ በቆዳ ይሰፋና አንገት ላይ ይታሰራል። ቋንቋው ግዕዝ ስለሆነ የታሰረላት ሴት አታነበውም፤ እንድታነበውም አይጠበቅባትም። ከገላዋ አለመለየቱ ይበቃል።

ከእነዚህ ጥቅሎች ብዙዎቹ ዛሬ የሚገኙት በአውሮፓ ሙዚየሞችና ቤተ መጻሕፍት ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር የደረሰው፣ በማርሴል ግሪዮል የተመራው የዳካር–ጅቡቲ የጥናት ጉዞም ወደ ፓሪስ ይዞ ከተመለሳቸው ቅርሶች መካከል ክታቦች ነበሩበት። በሴቶች ክታብ ላይ ሁለት ጸሎቶች በተለይ ይደጋገማሉ። አንዱ የቅዱስ ሱስንዮስ ነው፤ ሕፃን ልጁን የገደለችበትን ውርዝልያን በፈረስ ተከታትሎ በጦር የወጋት፣ እርሷም ስሙ ባለበት ቤት ድርሽ ላትል የማለችለት ሰው ታሪክ። ሌላው ስለ ሕማመ ባርያና ለጌዎን የሚጸለየው ነው። ባርያ የተባለው ጋኔን ሰውን በድንገት መሬት ላይ ጥሎ የሚያንዘፈዝፍ፣ አረፋ የሚያስደፍቅ ነው ተብሎ ይታመናል።

የፅንስ ሞትና የሰውነት መንዘፍዘፍ በአንድ ብራና ላይ ጎን ለጎን መምጣታቸው የዛሬን የማህፀን ሐኪም ቆም ብሎ ያሳስበዋል፤ ሁለቱን በአንዲት ሴት ላይ በአንድ ሌሊት የሚያመጣ በሽታ አለና። እርግጥ ደብተራው ክታቡን የጻፈው ለአንድ በሽታ ብቻ አይደለም። የሚጥል በሽታም፣ አእምሮ የሚያስት የወባ ትኩሳትም፣ ሌላ ሌላውም በባርያ ስም ሲጠራ ኖሯል። ይሁን እንጂ ምጥ አፋፍ ላይ ሆና የወደቀችው ሴት በዚያ ስም ውስጥ እንዳለችበት መጠርጠር አይከብድም።

በሽታው ዛሬ ፕሪ-ኤክላምፕሲያ ይባላል፤ በጤና ጣቢያ በር ላይ የሚሰማው ስሙ ደግሞ «የእርግዝና ደም ግፊት» ነው። ከ20ኛው የእርግዝና ሳምንት በኋላ የደም ግፊት 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል፤ በሽንት ውስጥ ፕሮቲን ይገኛል፤ ወይም ኩላሊትና ጉበት ይጎዳሉ። ሲጠና ራስ ይፈልጣል፣ ዓይን ይጨልማል፣ ከጎድን አጥንት በታች ያማል። ሴትየዋ ወድቃ ከተንዘፈዘፈች ስሙ ተቀይሮ ኤክላምፕሲያ ይሆናል። ክፋቱ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ብዙ ጊዜ ምንም አለማሳመሙ ነው። ፊትና እጅ ሲያብጥ እርግዝና ያመጣው ነው ተብሎ ይታለፋል።

በዚህ አገር ወግ የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች ሴት ወሯ ሲገባ ወደ እናቷ ቤት ትሄዳለች። ፕሪ-ኤክላምፕሲያ ደግሞ የሚበረታው በመጀመሪያ እርግዝና ነው። ስለዚህ የበሽታው ክፉ ሰዓት የሚመጣው ሴቲቱ ባደገችበት ቤት፣ እናቷና አክስቶቿ እያዩ ነው። ራስ ምታቱ ቀደም ብሎ ከጀመራት ምች ነው ይባልና ዳማ ከሴ ታሽቶ ይቀርብላታል። ምጥ ሲይዛት ሴቶቹ «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ ይለምናሉ፤ የልምድ አዋላጇ ወገቧን ትደግፋለች። በሰላም ከተገላገለች እልልታ ይሰማል፣ ገንፎ ይገነፋል፣ ጎረቤቱ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊል ይጎርፋል። ከወደቀች ግን ነገሩ ከአዋላጇ እጅ ይወጣል፤ ጠበል ይረጫል፣ ቄስ ወይም ደብተራ ይጠራል። ልጁ ሞቶ የሚቀጥለውም ከሞተ «ሾተላይ አለባት» የሚል ስም ይወጣላታል። ሾተላይ የሚለው ስም የደም ዓይነት አለመጣጣምን ጨምሮ ብዙ የተለያዩ ችግሮችን በአንድ ከረጢት የያዘ ነው።

ዕድሜዋም ሊታሰብ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2005 የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በአማራ ክልል ከ25 ዓመት በላይ የሆኑ ሴቶች ግማሾቹ ያገቡት በ14 ዓመታቸው ገደማ ወይም ከዚያ በፊት እንደነበር አሳይቷል። የመጀመሪያዋ እርጉዝ ብዙ ጊዜ ገና ልጅ ነበረች ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የኋላ ቀርነት ታሪክ አድርጎ ማንበብ ይቀላል። ግን በዚያው ዘመን የለንደንና የፓሪስ ሐኪም ምን ያደርግ ነበር? ደም ያፈስ ነበር። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን ለምትንዘፈዘፍ ነፍሰ ጡር ዋናው የአውሮፓ ሕክምና ክንድን በጥቶ ደም ማውጣት ነበር፤ አንዳንዴም እስክትዝለፈለፍ ድረስ። የጋይንት ባለ ዋግምት በቀንድ የሚመጠው ደም ከዚያ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። የትኛዋ ሴት የመትረፍ ዕድሏ የተሻለ እንደነበር መወራረድ ያስቸግራል።

ልዩነቱ የመጣው አንድ ሰው ከመንዘፍዘፉ ወደ ኋላ ሄዶ መፈለግ ሲጀምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1843 በለንደኑ ጋይስ ሆስፒታል ጆን ሌቨር የተባለ ሐኪም የእነዚህን ሴቶች ሽንት በእሳት አፈላ። የእንቁላል ነጭ ሲቀቀል እንደሚያደርገው ሽንቱ ነጥቶ ረጋ፤ ፕሮቲን ነበረበት። በዚያ ዓመት ደብረ ታቦር ላይ የየጁው ራስ ዓሊ ዳግማዊ በጌምድርን ያስተዳድር ነበር፤ ጋይንትና እስቴም በእርሱ እጅ ነበሩ። ስለ ሌቨር ሙከራ በዚያ አካባቢ የሰማ ሰው የለም፤ ሊኖርም አይችልም።

ሁለተኛው እርምጃ የጣሊያን ነው። ሺፒዮኔ ሪቫ-ሮቺ ክንድ ላይ ተጠምጥሞ በአየር የሚሞላውን፣ ሜርኩሪ እየገፋ ግፊት የሚለካውን መሣሪያ ይፋ ያደረገው የአገሩ ጦር አድዋ ላይ በተሸነፈበት በእ.ኤ.አ. 1896 ነው። በዓመቱ ፈረንሳውያን ሐኪሞች መሣሪያውን ኤክላምፕሲያ ባለባቸው ሴቶች ላይ ሞክረው ግፊታቸው ከፍ ብሎ አገኙት። እ.ኤ.አ. በ1905 ሩሲያዊው ኒኮላይ ኮሮትኮቭ ማዳመጫ ጨመረበት። ከዚያ ወዲህ በሽታው ሴቲቱን ሳይጥላት በፊት በቁጥር ይያዝ ጀመር። ድምፅ የሌለው ጠላት ቁጥር አገኘ ለማለት ያስደፍራል።

መሣሪያው ጎንደር ምድር ለመድረስ ግን ብዙ ዓመታት ፈጀበት። ከጣሊያን ወረራ በፊት የአድቬንቲስት ሚሲዮናውያን ደብረ ታቦር ላይ ሕክምና ጀምረው ነበር፤ ይህ በዙሪያው ላለው ለፋርጣ ቅርብ ነው፣ ለስማዳ ግን ሌላ አገር ነው። ትልቁ ለውጥ የመጣው ከወባ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ደምቢያን የመታው ወረርሽኝ ሺዎችን ሲጨርስ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ ርዳታ ጋር ሆኖ በሚቀጥለው ዓመት የጎንደርን የጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ከፈተ። ኮሌጁ ጤና መኮንን፣ ኮሚዩኒቲ ነርስና ሳኒታሪያን አሠልጥኖ በቡድን ወደ ገጠር የሚልክ ነበር፤ በአፍሪካ ያኔ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ብርቅ ነበር። ኮሚዩኒቲ ነርሷ ማዋለድም ተምራ ትወጣ ነበር። የሌቨርን ሙከራ በስፒሪት ኩራዝ ላይ የምትደግመው፣ በሪቫ-ሮቺ መሣሪያ ክንድ የምትለካው እርሷ ነበረች።

ችግሩ ነርሷ ያለችበት ጤና ጣቢያና ነፍሰ ጡሯ ያለችበት መንደር አለመገናኘታቸው ነበር። በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩት የወረታ–ወልድያ መንገድ ደብረ ታቦርንና ነፋስ መውጫን አገናኝቶ በጨጨሆ በኩል ወደ ወሎ ሲሻገር ለላይ ጋይንት ትልቅ እፎይታ ሆነ። የስማዳዋ ከተማ ወገዳና የአካባቢዋ ቆላ ግን ከዚያ መንገድ በስተ ደቡብ፣ በገደልና በወንዝ ተቆራርጠው ነው ያሉት። እዚያ የታመመ ሰው መጓጓዣው ቃሬዛ ነው። ሁለት አጣና፣ በመካከሉ ጠፍር ወይም ጋቢ፤ አራት ጎልማሶች ያነሡታል፣ ሌሎች ከኋላ እየተከተሉ ይቀያየራሉ። አቀበት ላይ ከፊት ያሉት ዝቅ፣ ከኋላ ያሉት ከፍ ያደርጋሉ፤ ሴትየዋ እንዳትንሸራተት። ለምጥ የተዘጋጀ ሰልፍ ስለሆነ እናቷም፣ ባሏም፣ ስንቅ የያዘውም አብረው ይጓዛሉ። ኤክላምፕሲያ ያለባት ሴት በዚህ መንገድ ላይ ደጋግማ ልትንዘፈዘፍ ትችላለች፤ እያንዳንዱም ጊዜ አንጎሏንና ፅንሱን ይጎዳል።

እዚህ ላይ አንድ ያልተጠበቀ ሰው ወደ ታሪኩ ይገባል። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን ለንደን ላይ ነርስነት ተምራ ከተመለሰች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1942 ገና በ22 ዓመቷ ነቀምት ላይ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር አረፈች። የንጉሥ ልጅም ብትሆን፣ ራሷም ባለሙያ ብትሆን አልተረፈችም። በስሟ አዲስ አበባ ላይ በተሠራው ሆስፒታል የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት እንዲያቋቁሙ እ.ኤ.አ. በ1959 የመጡት አውስትራሊያዊቷ ካትሪን ሐምሊንና ኒውዚላንዳዊው ባለቤቷ ሬጂናልድ ናቸው። ዓለም የሚያውቃቸው በፊስቱላ ሕክምና ነው። ሬጂናልድ ግን ከዚያ በፊት ሲድኒ ውስጥ በክራውን ስትሪት የሴቶች ሆስፒታል ሲሠራ የኤክላምፕሲያ ሰው ነበር፤ የነፍሰ ጡሮችን ክብደትና አመጋገብ ከመጀመሪያው በመከታተል በሽታውን መከላከል እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ1952 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ጽፏል።

አዲስ አበባ ሲመጣ ሌላ ነገር አየ። በሽታው ሲድኒ ላይ ከሚያውቀው ያነሰ ሆኖ አገኘው፤ ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1962 በዚያው መጽሔት ላይ አወጣው። ጽሑፉ ለዓመታት ቆይቶ እንደገና ሕይወት ዘራ። እ.ኤ.አ. በ1980 ሆሴ ቤሊዛን የተባለ አርጀንቲናዊ ሐኪም የጓቴማላ ማያ ሴቶች በቆሏቸውን በኖራ ውሃ ስለሚዘፈዝፉ ብዙ ካልሲየም እንደሚያገኙና ኤክላምፕሲያ እንደሚያንስባቸው ጠቁሞ ነበር። የካልሲየም ተመራማሪዎች ከእርሱ ጋር ደጋግመው የሚጠቅሱት የሐምሊንን የኢትዮጵያ ምልከታ ነው፤ የኢትዮጵያ ገበታ ካልሲየም የበዛበት ነው ተብሎ። ጤፍ በእርግጥም ለጋስ ነው፤ 100 ግራም ጥሬ ጤፍ ውስጥ 180 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም ይገኛል፣ ከስንዴ ብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ነገሩ ያምራል፤ ስለሚያምር ደግሞ በጥርጣሬ መታየት አለበት። የጉና ደጋ ሰው የሚበላው ገብስና ድንች ነው። ድርቅ ሲመጣ፣ በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንትና በስማዳም ድርቅ ደጋግሞ መጥቷል፣ ገበታው በርዳታ ስንዴ ይቀየራል። ከሁሉ በላይ ሐምሊን ያየው ሆስፒታሉ ደጃፍ የደረሱትን ብቻ ነው። አዲስ አበባ መድረስ የቻለችው ሴት በጊዜ የተነሣች፣ ዘመድ ያላት፣ መኪና ያገኘች ናት። ቃሬዛ ላይ ያለፈችው በማንም መዝገብ ላይ የለችም። የኋለኛው ዘመን ጥናቶች ከመላ አገሪቱ ሲሰበሰቡ ከእርግዝና ጋር የተያያዘ የደም ግፊት 6 በመቶ ገደማ የሚሆኑትን ነፍሰ ጡሮች እንደሚያገኝ ያሳያሉ፤ ይህ ብርቅ የሚባል በሽታ አይደለም።

መድኃኒቱም የራሱ ረጅም ጉዞ አለው። ማግኒዥየም ሰልፌት ርካሽ ጨው ነው፤ እንግሊዞች ሆድ ማጽጃ አድርገው ለዘመናት ጠጥተውታል። ለኤክላምፕሲያ በመርፌ መሰጠት የጀመረው በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ ነው፤ ይሁንና አውሮፓ ለብዙ ዓመት ሳያምንበት ቆይቶ ዲያዜፓምን መረጠ። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ዓለም አቀፍ ሙከራ ክርክሩን ዘጋ፤ ማግኒዥየም ከዲያዜፓም ጋር ሲነጻጸር ተደጋጋሚ መንዘፍዘፍን ከግማሽ በላይ ቀነሰ። በ2002 ደግሞ በ33 አገሮች ወደ 10,000 ሴቶችን ያሳተፈው የማግፓይ ሙከራ ገና ባልወደቁት ላይም አደጋውን በግማሽ እንደሚቀንስ አሳየ። የኢትዮጵያ ጤና ተቋማት ግን ለረጅም ጊዜ ዲያዜፓም ይዘው ቆዩ፤ ማግኒዥየሙ በስፋት የገባው ከዓመታት በኋላ ነው።

አሰጣጡ ቀላል አይደለም። በመጀመሪያ 4 ግራም በደም ሥር ቀስ ተብሎ ይገባል፤ ከዚያ 5 ግራም በአንዱ መቀመጫ፣ 5 ግራም በሌላው። መርፌው በጣም ያማል። ከዚያም በየ4 ሰዓቱ 5 ግራም። ነርሷ እያንዳንዱን ከመስጠቷ በፊት የታማሚዋን ጉልበት በመዶሻ መታ አድርጋ እግሯ መወርወሩን ታያለች፣ ትንፋሿን ትቆጥራለች፣ ሽንቷን ትለካለች። ጉልበቱ ዝም ካለ መድኃኒቱ በዝቷል፤ ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት አጠገቧ መኖር አለበት።

እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ሲመደቡ፣ በኋላም ወረዳዎች አምቡላንስ ሲያገኙ የወገዳ ነፍሰ ጡር ከጤና ተቋም ጋር ያላት ርቀት አጠረ። አገር አቀፍ ዳሰሳዎቹ ለውጡን ይመዘግባሉ፦ በ2000 በጤና ተቋም የወለዱት ከ100 እናቶች 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2016 26 ደረሱ፣ በ2019 ደግሞ 48። ከ100,000 ወሊዶች የሚሞቱት እናቶች ቁጥር በ2000 871 የነበረው በ2016 ወደ 412 ወረደ። ሰው እንዲመጣ ያደረገው አምቡላንሱ ብቻ አልነበረም። ጤና ጣቢያዎች ገንፎ መገንፋት፣ ቡና ማፍላት ጀመሩ፤ እናቶች ወራቸው ሲገባ መጥተው የሚያርፉባቸው ማቆያ ቤቶችም ተሠሩ። ማቆያው በኢትዮጵያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1976 ጉራጌ ውስጥ በአጣጥ ሆስፒታል ነው። ሐሳቡ ከአገሬው ወግ የራቀ አይደለም፤ ወደ እናቷ ቤት ትሄድ የነበረችው ሴት አሁን ጤና ጣቢያው ግቢ ትገባለች፣ እናቷም ትከተላታለች። ነፋስ መውጫ፣ የእስቴዋ መካነ ኢየሱስና ወገዳም የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል አገኙ።

ሳይንሱ ግን በዚህ መካከል ሌላ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዷል፤ ከግፊቱም በፊት ወደ ደሙ።

መነሻው እንደገና ነፍሰ ጡሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1918 ስዊድናዊው ሮቢን ፎሬዩስ የነፍሰ ጡር ሴት ደም በቀጭን ብልቃጥ ቆሞ ሲቀመጥ ቀይ ሴሎቹ ከሌላው ሰው ቶሎ ወደ ታች እንደሚረጉ አስተዋለ፤ እርግዝና መመርመሪያ ይሆናል ብሎም ተስፋ አደረገ። ሳይሆን ቀረ፤ ግኝቱ ግን ዛሬ በየላቦራቶሪው ኢኤስአር እየተባለ የሚታዘዘው የብግነት ምርመራ ሆነ። በ1930 ኒውዮርክ ላይ በሳንባ ምች ሕመምተኞች ደም ውስጥ ሲአርፒ የተባለው ፕሮቲን ተገኘ። እነዚህ ምልክቶች ሰውነት ከአንድ ነገር ጋር እየተዋጋ መሆኑን ይናገራሉ፤ ከምን ጋር እንደሆነ ግን አይናገሩም።

ከምን ጋር? የኦክስፎርዱ ክሪስቶፈር ሬድማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 መልስ አቀረቡ። እነርሱ እንዳሉት ጤናማ እርግዝና ራሱ ለስለስ ያለ ብግነት ነው፤ የእናቲቱ ነጭ የደም ሴሎች ይነቃሉ፣ ቁጥራቸው ይጨምራል። በፕሪ-ኤክላምፕሲያ ይህ ልክ ያልፋል። የእንግዴ ልጁ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከማህፀን ደም ሥሮች ጋር በቅጡ ሳይያያዝ ይቀርና ደም ያጥረዋል፤ የተጎዳው ክፍል ቅንጣቶችንና ኬሚካሎችን ወደ እናቲቱ ደም ይለቃል፤ እነዚያ የደም ሥሮቿን የውስጥ ገጽ ያቆጣሉ። ደም ሥሩ ይጠባል፣ ይጋታል፤ ግፊቱ ይወጣል፣ ኩላሊቱ ፕሮቲን ማፍሰስ ይጀምራል። ክንድ ላይ የሚታየው ቁጥር ከወራት በፊት የተጀመረ ነገር ማብቂያ ነው።

ይህ ሐሳብ ለድሃ አገር ላቦራቶሪ በር የከፈተው በአንድ ምክንያት ነው፤ ብግነትን ለማየት ውድ ምርመራ የግድ አያስፈልግም። በተራው የደም ሴሎች ቆጠራ፣ በሐኪሞች አነጋገር ሲቢሲ በሚባለው፣ ከነጭ የደም ሴሎች ዓይነቶች ኒውትሮፊልን ለሊምፎሳይት በማካፈል ብቻ አንድ ፍንጭ ይገኛል፤ ብዙ ጥናቶች ይህ ውጤት በፕሪ-ኤክላምፕሲያ ከፍ እንደሚል አሳይተዋል። ደም የሚያረጉት ፕሌትሌቶችም ይናገራሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ፣ መቀሌ ላይ በዓይደርና በመቀሌ አጠቃላይ ሆስፒታሎች የተደረገ ጥናት ሕመሙ እየከበደ ሲሄድ የፕሌትሌት ቁጥር እንደሚያንስ፣ የቀሩት ግን በመጠን እንደሚተልቁ አሳይቷል። ሰውነት ያለቁበትን ለመተካት ገና ያልበሰሉትን ትልልቆቹን ወደ ደም ስለሚያስገባ ነው። ይህን የሚቆጥረው ማሽን ብዙ ሆስፒታሎች ላይ አለ፤ ለሌላ በሽታ ተገዝቶ።

ስማዳ ላይ ግን ይህ ቁጥር የሚያሳስትበት መንገድ ብዙ ነው። በበሽሎና በዓባይ ቆላ ወባ አለ፤ ወባ ፕሌትሌትን ያወርዳል። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ኒውትሮፊልን ያበዛል። ምጥ ራሱ ያበዛዋል፤ ለግማሽ ቀን በቃሬዛ ተንገላትታ በደረሰች ሴት ላይ ደግሞ ይህ ሁሉ ተደምሮ ሊታይ ይችላል። በዓለም ዙሪያ ያሉት መመሪያዎች እንደ ኒውትሮፊልና ሊምፎሳይት ውጤት ያሉትን የብግነት ምልክቶች እስካሁን መመርመሪያ አላደረጓቸውም። ጤና ኬላ ላይ የሚሠራ የግፊት መለኪያና ያልተበላሸ የሽንት ምርመራ ወረቀት ዛሬም ከማንኛውም ቆጠራ ይበልጣሉ። ማሽኑ ራሱም ዋስትና የለውም፤ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ነፋስ መውጫ ሲደርስ ሆስፒታሉ ተዘርፏል፣ ተጎድቷልም።

የደም ምርመራ ይበልጥ ተስፋ የሚሰጠው ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ለበሽታው የተጋለጡትን በመለየት። እ.ኤ.አ. በ2017 አስፕሪ የተባለው ሙከራ፣ ለበሽታው የተጋለጡ ሴቶች ከ16ኛው ሳምንት በፊት ጀምረው በየማታው 150 ሚሊ ግራም አስፕሪን ቢወስዱ ያለጊዜው የሚመጣውን ፕሪ-ኤክላምፕሲያ በ62 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። አስፕሪን ርካሽ መድኃኒት ነው። ለማን እንደሚሰጥ ለማወቅ ግን ሴቲቱ እስከ 16ኛው ሳምንት መታየት አለባት፤ ያኔ ደግሞ በአገሬው ወግ እርግዝና አይወራም። ዓይነ ጥላ እንዳያርፍባት፣ ሆዷ እስኪገፋ ድረስ ከባሏና ከእናቷ በቀር ማንም እንዳያውቅ ትጠነቀቃለች። በ2016ቱ አገር አቀፍ ዳሰሳ ለመጀመሪያ ክትትል በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የቀረቡት ከ100 ነፍሰ ጡሮች 20 ነበሩ።